የረግረጉ ጭላዳዎች

ተረት ተረት!

የላም በረት።

ዘመኑን ተረቱ አይናገርም፤ ቦታው ግን ሆሊውድ ነው። ሆሊውድ ስል ከኮረብታው ነጫጭ ፊደላት ተነስቶ ቁልቁል በፌርፋክስ ጎዳና፣ ኦሊምፒክና ዊትወርዝ መሀል እስካለው የኛ ሰፈር ድረስ ማለቴ ነው። ካርታ የሚያውቅ ሰው «ፌርፋክስ እኮ ሆሊውድ አይደለም» ይል ይሆናል። አገር ቤት ላለ ዘመድ ግን ሎስ አንጀለስ ሁሉ ሆሊውድ ነው፤ ተረትም የሚነገረው ለዘመድ ነው። በዚያ ከተማ ሰው አልነበረም። እንስሳት ብቻ ነበሩ፣ ከተማውም ውሃ ውስጥ ነበር።

ውሃው እንዴት እንደገባ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይህኛው ተረት አይደለምና። የሎስ አንጀለስ ወንዝ እስከ 1825 ድረስ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) ወደ ምዕራብ ነበር የሚፈሰው። ዛሬ የኛ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ብዙም የማይርቀውን ረግረግ አቋርጦ በባሎና በኩል ባሕር ይገባ ነበር። በዚያ ዓመት ደራሽ ጎርፍ መጣና ወንዙን ወደ ደቡብ፣ ወደ ሳን ፔድሮ አዞረው። ሰውም ወንዙ የለቀቀውን ሜዳ ቤት ሠራበት። በ1938 እንደገና ጎርፍ መጣ። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ቤት ፈረሰ፣ ሆሊውድም የኦስካር ሽልማቱን በአንድ ሳምንት አዘገየ። ለሆሊውድ ከዚህ በላይ ሐዘን የለም። ከዚያ በኋላ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ወንዙን ከነዳርቻው በሲሚንቶ ገነዙት፤ 82 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ወንዝ ከጥቂት ቦታ በቀር ሲሚንቶ ለበሰ።

አሁን ወደ ተረቱ። ወንዙ አንድ ክረምት ሲሚንቶው ውስጥ እንደተጋደመ አሰበ። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ሲባል ሰምቷል፤ እሱ ከርስቱ ከተነቀለ ገና ሁለት መቶ ዓመቱ ነው። ተነሳና የአባቱን መንገድ ይዞ ወደ ምዕራብ መጣ። ዳኛ አልጠየቀም፣ ምስክር አልቆጠረም። ፌርፋክስ ደረሰና ተኛ።

እንስሳቱ እንደየአቅማቸው ወጡ። ከሰንሴት ጎዳና በላይ ያለውን ኮረብታ ወፎች ያዙት። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ መንደሩን ራሳቸው የወፍ ጎዳናዎች ነው የሚሉት፣ ኦሪዮል፣ ብሉ ጄይ፣ ናይቲንጌል የሚባሉ መንገዶች አሉበት። ከወፎቹ በታች፣ በጣሪያና በዘንባባ አናት ላይ፣ ድመቶችና ሽኮኮዎች ሰፈሩ። ድመቶቹ ስቱዲዮ አላቸው፣ ፊልም ይሠራሉ። ሽኮኮዎቹ ቤት ይደልላሉ። ከነሱ በታች እዚያው ውሃው ውስጥ የቀሩት አይጦች፣ ራኩኖችና ጭላዳዎች ናቸው።

ጭላዳ ረግረግ ውስጥ ምን ያደርጋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ጭላዳ በስሜን ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ሣሩን ግጦ ውሎ ሲመሽ ገደል ላይ የሚያድር ፍጥረት ነው፤ ከጭላዳ በላይ የሚያድር ደመና ብቻ ነው። ግን ከፊሉን ጅብ አባረረው፣ ከፊሉን ገደሉ ጠበበው፣ ለከፊሉ ደግሞ ዕጣ ወጣለት። መጡ። ሣር እንደለመዱ ጤፍ አገኙ (ጤፍም ሣር ነው)፣ ምጣድ ጣዱ፣ ጎዳናው ላይ ሱቅ ከፈቱ። በ2002 የከተማው ምክር ቤት ሰፈራቸውን በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመላቸው፣ ሰሌዳ ተሰቀለ፣ ተጨፈረ። ሰሌዳው ዛሬም ከውሃው በላይ ይታያል።

አንድ ውሃ ነው፣ ነገር ግን ኮረብታው ላይና ታች አንድ አይደለም። ሽኮኮዎቹ ላይኞቹን ጎጆዎች «ሐይቅ የሚያይ» እያሉ ይሸጡ ጀመር። ውሃው አንድ ስንዝር በጨመረ ቁጥር የጎጆው ዋጋም ይጨምራል፤ ስለዚህ ኮረብታው ላይ ዝናብ ሲጥል የሚከፋው የለም። ታች ደግሞ ውሃ በጡብ ነው የሚለካው። ጭላዳዎቹ የሚሰበሰቡበት ቡና ቤት ግድግዳው ቀይ ጡብ ነው፤ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። አምና ስድስተኛው ጡብ ላይ ነበር። ዘንድሮ ሰባተኛው ሰጠመ። አንድ ቀን ከላይ አንዲት ወፍ ክንፏን ታጥባ እጣቢውን ቁልቁል ከደፋች በኋላ «እናንተ ታች ያላችሁ፣ ሐይቃችንን እያደፈረሳችሁብን ነው» ብላ ደብዳቤ ጻፈች። አንድ ሽማግሌ ጭላዳ ደብዳቤውን ተነቦለት ሲያበቃ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ብሎ ወደ ምጣዱ ተመለሰ።

እንግዲህ ይህች ከተማ ምርጫ ደረሰባት። ቀድሞ ምርጫ አያስፈልጋትም ነበር፣ የሚፈራ አውሬ ነበራት። ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ ፒ-22 የሚሉት የተራራ አንበሳ ሁለት አውራ ጎዳና ተሻግሮ መጥቶ አስር ዓመት ያህል ብቻውን ኖረ፤ በ2022 መጨረሻ ሞተ። እሱ ከሞተ በኋላ ማንም ማንንም መፍራት ተወ። ያኔ ነው «እንምረጥ» የተባለው።

ሁለት ዕጩ ቀረበ። አንደኛው ክቡር ጣዎስ ነው፣ ከኮረብታው። የምርጫ ምልክቱ መሰላል። «ሁላችሁንም አንድ ደረጃ ከፍ አደርጋለሁ» አለ። ከታች አንድ ራኩን እጁን አውጥቶ «ውሃውስ?» ሲል ጠየቀ። «ውሃውም ከእናንተ ጋር ከፍ ይላል፤ ዕድገት ማለት ይኸው ነው» አለ ጣዎስ። ተጨበጨበለት።

ሁለተኛው አያ ቀበሮ ነው፤ የዚህ አገር ቀበሮ ነው፣ ኮዮቲ ይሉታል። ምልክቱ ጀልባ። «እኔ የእናንተው ነኝ፣ የታችኛው ሰፈር ልጅ ነኝ፣ ወፎቹን አወርድላችኋለሁ» እያለ ማታ ማታ በጀልባ ይዞራል። ንግግሩ ደም ያሞቃል፣ አልክድም። ብቻ ስብሰባ በጠራ ቁጥር፣ ከመጡት አይጦች ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ያነሱ ነበር።

የጣዎስ ዘመቻ ግን ሌላ ነው። ገንዘብ አለው፣ ድመቶች አሉት። (በሰዎቹ ሎስ አንጀለስ በ2022 ለከንቲባነት የተወዳደረው ሪክ ካሩሶ፣ እዚያው ፌርፋክስ አጠገብ ያለው የዘ ግሮቭ ገበያ ባለቤት፣ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ በካረን ባስ ተሸንፏል። ጣዎስ ይህን ሰምቶ «እሱ ፊልም አልሠራም ነበራ» አለ።) ድመቶቹ በስቱዲዮው ጣሪያ ላይ ፌርፋክስን ከካርቶን ሠሩት። ደረቁን ፌርፋክስ። ቡና ቤቱ አለ፣ ቅመማ ቅመም ሻጩ አለ፣ የባህል ልብስ መስኮቱ አለ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀባው በር አለ፤ ጡቡ ከእግረኛ መንገዱ እስከ ጣሪያው አንድ ሳይጎድል ተስሏል። ከኋላ ሲዞሩት በእንጨት ተደግፎ የቆመ ነው።

ደረቅ ጎዳና ላይ የሚሄድ ሕዝብ ያስፈልጋልና ከጭላዳዎቹ ኤክስትራ ቀጠሩ፤ የቀን ሒሳብ፣ ምሳ በነፃ። ከተቀጠሩት አንዷ የቡና ቤቷ አስተናጋጅ ልጅ ነበረች። አልባሳት የያዘችው ድመት ጫማ ልታለብሳት እግሯን አንስታ ስታይ ዝም አለች። ውሃ የዋለበት እግር ያብጣል፣ ቆዳው ነጥቶ ይሸበሸባል፣ በጣቶቹ መሀል ይላላጣል። የልጅቷን ቁጥር አምጥታ ሞከረች፣ አልገባም። ከሱ የሚበልጠውን አመጣች፣ እሱም አልገባም። በመጨረሻ የወንድ ጫማ አመጣችና «ካሜራው ከወገብሽ በላይ ነው የሚያይሽ» አለቻት።

ቀረጻው ተጀመረ። ክቡር ጣዎስ ጭራውን ዘርግቶ በደረቁ ፌርፋክስ ሲንጎማለል ጭላዳዎቹ ግራና ቀኝ እያለፉ ሰላም ይሉታል። ዳይሬክተሩ ድመት ድንገት ጮኸ።

«ቁም! አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትሄጂው?»

ልጅቷ እየዋኘች ያደገች ናት ማለት ይቻላል። በውሃ ውስጥ የሚሄድ ጉልበቱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ከዚያ በዝግታ ያሳርፋል፤ ታች ምን እንዳለ አያይማ። ደረቅ መሬት ላይም እንደዚያው ነበር የምትሄደው። ዞር ብለው ሲያዩ ሌሎቹም ጭላዳዎች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ድመቶቹ ግማሽ ቀን የደረቅ አካሄድ አስተማሯቸው። እግር አታንሱ፣ ጎትቱት፤ መሬቱን አትጠራጠሩት። ከሰዓት በኋላ ሁሉም አማረላቸው። ሲመሽ ጫማው ተቆጥሮ ተመለሰ፤ አንድ ካልሲ ጎድሎ ነበርና እስኪገኝ ማንም እንዳይወርድ ተባለ። ካልሲው ተገኘ። በመሰላሉ ወደ ውሃው ወረዱ።

ፊልሙ በምርጫው ዋዜማ ማታ በትልቅ ግድግዳ ላይ ታየ። ጭላዳዎቹ በጀልባና በበርሜል ተጭነው ሊያዩ ሄዱ። የገዛ ጎዳናቸውን ደርቆ ሲያዩ ያላለቀሰ የለም። «እንዲህ ያለ ሰፈር እንዳለን አናውቅም ነበር» አሉ፤ ብዙዎቹም እዚያው ለመሰላሉ ድምፃቸውን ሊሰጡ ቆረጡ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው፣ ለካ ሲኒማም ያንኑ ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የምርጫውን ወረቀት እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበበች አንዲት ፍጥረት ብቻ ነበረች፤ አሮጊቷ አይጥ። ማንበብ የተማረችው ወረቀት ስትቆረጥም ነው፣ የምትቆረጥመውም ሁልጊዜ ከኋላው ገጽ ጀምራ ነው። ቤቷ እዚያው ዊልሸር ላይ ከጥንቱ የሬንጅ ጉድጓድ አጠገብ ባለው ሙዚየም፣ በአንድ የጥንት ተኩላ የራስ ቅል ውስጥ ነው። የፊት ገጹን የጣዎስና የቀበሮ ፎቶ ሞልቶታል። ከኋላ ግን፣ በደቃቅ ፊደል፣ እንዲህ የሚል ጥያቄ አገኘች፦ «በባሎና በኩል ያለው በር ተከፍቶ ውሃው ወደ ባሕር ይውረድ? ወጪውን እያንዳንዱ ባለው ጣሪያና ባነጠፈው ግቢ ስፋት ልክ ይክፈል። አዎ፣ ወይስ አይ?»

አይጧ ሁለቴ አነበበችው። በጣሪያ ስፋት ከሆነ ኮረብታው ነው የሚከፍለው፤ ጣሪያው የሰጠመበት ጭላዳ የሚከፍለው ነገር የለም። ሳትበላው ቀረች። ይህ ለአይጥ ትልቅ ነገር ነው። ዋኝታ ጭላዳዎቹ ቡና ቤት ደረሰች።

ቡና ቤቱ በክርክር ጦፎ ነበር። ጭላዳ በውሃ ውስጥ ቆሞም ይከራከራል። አይጧ ደስ አላት፤ የነገው ምርጫ መስሏት። ጆሮዋን ጣል ብታደርግ የሚከራከሩት ስለ ስሜን ገደል ነው። እዚያም ምርጫ ደርሷል፤ ሽማግሌው ወንድ ይቀጥል ወይስ ጎረምሶቹ ይያዙት? አንዱ ጠረጴዛ ደበደበ፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ከገደሉ የተላከ ድምፅ አሰማ። በዚሁ ጉዳይ ሁለት ወንድማማቾች ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ ከጎዳናው በዚህኛው ወገን ቡና የሚጠጣ በዚያኛው ወገን አይጠጣም። ገደሉ ደግሞ የሄደን አይቆጥርም፤ ድምፅ የሚሰጠው እዚያው ገደሉ ላይ ያደረ ብቻ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃሉ። ቢሆንም ጉሮሮአቸው እስኪነቃ ይከራከራሉ።

አይጧ ቡና ወደምታፈላው ወደ እመት ጭላዳ ተጠጋች።

«እመት፣ ያ ፖስታ ተከፈተ?»

«የቱ?»

«ጀበናው የተቀመጠበት።»

«ውይ፣ እሱን ነው? ማቶቷ በውሃ ሄዳብኝ ነው፣ እሱን አጥፌ አስቀመጥኩበት። ወፈር ያለ ወረቀት ነው፣ ደህና ይይዛል።»

«የነገው ምርጫ እኮ ነው።»

«የነሱ ነው እንጂ። እኛ እንግዶች ነን ልጄ፤ ትንሽ ሠርተን፣ ትንሽ ቋጥረን እንገባለን።»

«ከመጡ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

እመት ጭላዳ በጣቶቿ ቆጠረች። ጣቶቿ አለቁ። የእግሯን ልትጨምር ስትል ውሃ ውስጥ ናቸውና ተወችው።

«ውሃው ለእንግዳ ዝቅ ይላል እንዴ እመት?»

«አንቺ ደግሞ ነገርሽ!» አለች እመት ጭላዳ፤ ግን አልሳቀችም።

አይጧ ወንበር ላይ ወጣች። «ስሙኝማ» አለች። «እኔ የምተኛው ተኩላ ቅል ውስጥ ነው። ከዚያ ሬንጅ ውስጥ ከ4,000 የሚበልጥ ተኩላ ወጥቷል። እንዴት ገባ መሰላችሁ? አንዲት ጎሽ ትያዛለች፣ ትጮኻለች። ተኩላው ይሰማል። ሊበላት ይገባል። የገባውን ተኩላ ሌላው ያያል፣ ድርሻው እንዳይቀርበት እሱም ይገባል። በሙዚየሙ የሥጋ በላው አጥንት ከሣር በላው ይበልጣል። ሁሉም ስለ ጎሿ ነው የተጣሉት። ስለ ሬንጁ አንድም ቃል የተነፈሰ የለም።»

«ታዲያ እኛ ሣር በል ነን፣ ምን አገባን?» አለ አንዱ ጎረምሳ። ቡና ቤቱ ሳቀ። ክርክሩ ወደ ገደሉ ተመለሰ።

ጫማ የተሰጣት፣ ጫማ የተቀማችው ልጅ ግን ሲኒ እየሰበሰበች ነበር። መጣችና ጀበናውን በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ ፖስታውን መዘዘችው።

«ኧረ ይደፋል!» አለች እመት ጭላዳ።

«ያዙልኝ እትዬ።»

እመት ጭላዳ ጀበናውን ታቅፋ ቆመች። ልጅቷ ፖስታውን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ የፊቱን ገጽ ገለጠችው፣ የጣዎስን ፎቶ አየችው፣ የደረቁን ጎዳና አየችው። የድመቶቹ ሥራ ነው፣ ያምራል። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ አውጥታ ጣቷን በፊደሉ ስር እያስኬደች አነበበች፣ «አዎ» የሚለውን አጠቆረች። ስትፈርም እስክሪብቶው የጀበናው ቂጥ በተወው ጥቁር ክብ ላይ አልጽፍ አለ። ከክቡ ውጭ ፈረመች።

በነጋታው ተቆጠረ። ክቡር ጣዎስ አሸነፈ። አያ ቀበሮ «ተጭበርብሯል» ብሎ ሦስት ቀን ከጮኸ በኋላ የውሃ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ አሁን የሚኖረው ኮረብታው ላይ ነው፣ አይጦቹን የሚጠራቸውም ለምክክር ነው። የባሎናው በር ጥያቄ ወደቀ። የወደቀበት የድምፅ ልዩነት ከኦሊምፒክ እስከ ዊትወርዝ ባሉ ቤቶች ካሉት ጀበናዎች ቁጥር ያንሳል። ስምንተኛው ጡብ የሰጠመው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሜን ገደል ላይ ማን እንዳሸነፈ እዚያ ቡና ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ከነዝርዝሩ ይነግሯችኋል።

የሰዎቹ ሎስ አንጀለስ በዚህ በኩል ከእንስሳቱ ተሽላለች፣ እውነቱን እንናገር። በኖቬምበር 2018 የካውንቲው መራጭ «ሜዠር ደብሊው» የተባለውን ውሳኔ ከሁለት ሦስተኛ በሚበልጥ ድምፅ አጽድቆ፣ ውሃ የማያሰርገው ጣሪያና አስፋልት በካሬ ጫማ 2.5 ሳንቲም በዓመት እንዲከፍል አደረገ፤ ገንዘቡ የዝናብ ውሃን ለመያዝና ለማጽዳት ይውላል። በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ከተማዋ ላይ ለቀናት ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ፣ ኮረብታው ሲናድና መንገዱ ሲሞላ፣ የማርች 5 ምርጫ አንድ ወር ነበር የቀረው፤ የድምፅ መስጫ ፖስታውም በዚያው ሰሞን በየቤቱ ገባ። ጭቃ ዛቂውም፣ ታክሲ ነጂውም፣ ምጣድ ላይ ያለችውም ደርሷቸዋል። ምን አደረጉበት? ይህን እያንዳንዱ ከገዛ ማድ ቤቱ ይመልስ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።

ዳቦው ቢዘገይም ግድ የለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖስታው ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ ሳይጠይቅ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል፤ ሲመለስ ቴምብር አይፈልግም፣ የሚፈልገው ከላዩ ላይ ፊርማ ብቻ ነው።